ለማሪምባም ቦታ ስጡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የሙዚቃ ገጻችሁ ስለ ዘፋኞች ብቻ መጻፉ ቅር ይለኛል። ልጄ ከለገጣፎ በታክሲ እየተመላለሰች ማሪምባ የሚባል፣ የተደረደሩ ዘንጎቹ በመምቻ የሚመቱ የሙዚቃ መሣሪያ ትማራለች። ሙላቱ አስታጥቄ ያስለመደን ቫይብራፎን የብረት ነው፤ ማሪምባ ግን የእንጨት። የእንጨት ድምፅ ቶሎ ይጠፋል። ረጅም ድምፅ ሲፈለግ በሁለት መምቻ ያለማቋረጥ እያፈራረቁ መምታት ግድ ነው። በዚያ ላይ ብቻዋን የምትጫወተው ሥራ አራት መምቻ ይፈልጋል፤ በአንድ እጅ ሁለት ሁለት። ጣቷ ውሃ ቋጥሮ ነበር። መሣሪያው ቤታችን ስለሌለ ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፋ ትለማመዳለች። ባለፈው ሰኔ ተማሪዎች ሲያቀርቡ ሥራውን ከዳር እስከ ዳር ተጫወተችው። ኮራሁባት! አዳራሹ ውስጥ አንድም ጋዜጠኛ አልነበረም። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ዝግጅት ሰው ላኩልን።

እናቷ፣ ከለገጣፎ