ምክር ተግሣጽ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ይዘው የሚመጡት «ገሥጹልኝ» እያሉ ነው። የአገልግሎቱ ዓላማ ግን ባለጉዳዩ ችግሩን አጥርቶ አይቶ ራሱ እንዲወስን ማገዝ ነው፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስም ያስተማረው ይህንኑ ነበር። ከዓመታት በፊት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልሁ፤ በመጨረሻ የነገረችኝ ስለ ውጤቷ ሳይሆን ስለ አባቷ ሕመም ነበር። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የግል ምክክር፣ ለፈተና ጭንቀት የቡድን፣ ለቤት ውስጥ አለመግባባት ደግሞ የቤተሰብ ምክክር ይስማማል፤ የሙያ ምርጫ ምክርም አለ። ምስጢር ካልተጠበቀ ግን አንዱም ስለማይሠራ፣ ትምህርት ቤቶች በመምህራን ማረፊያ ጥግ ጠረጴዛ ከማስቀመጥ ይልቅ በሩ የሚዘጋ ክፍል እንዲሰጡን አጥብቄ እጠይቃለሁ።

አንድ የትምህርት ቤት አማካሪ