ክርስቲያንና ፖለቲካ፦ ከሚቀጥለው ውይይታችን በፊት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው የተነሳው «ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ ይግባ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብዙዎቻችንን አከራክሯል። «ፖለቲካ ቆሻሻ ነው፣ አማኝ ምን ይሠራበታል?» ያላችሁ አላችሁ። አቋሙ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1527 ሽላይትሃይም በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ የተሰበሰቡ አናባፕቲስቶች (የሕፃናትን ጥምቀት ያልተቀበሉ ክርስቲያኖች) ክርስቲያን ሹም መሆን አይገባውም ብለዋል፤ ሹም ሰይፍ ይይዛልና። ብዙዎቹ ለእምነታቸው ስለሞቱ በፍርሃት ያሉት አይመስለኝም።

እኔ ግን ዳንኤልን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። የባዕድ ንጉሥ ባለሥልጣን ነበር። ጠላቶቹ በሥራው እንከን ቢፈልጉ አጡ። የቀራቸው ጸሎቱ ብቻ ነበር። አዋጅ አስወጡበት። እሱ እቴ! እንደ ወትሮው መስኮቱን ከፍቶ በቀን 3 ጊዜ ጸለየ። (እኛ ብንሆን ቢያንስ መስኮቱን እንዘጋው ነበር።)

አማኝ ፖለቲከኛ የነበረው እንግሊዛዊው ዊልበርፎርስም አለ። በብሪታንያ ፓርላማ የባሪያ ንግድን እ.ኤ.አ. በ1789 መቃወም ጀመረ፤ የሚከለክለው ሕግ የጸደቀው በ1807 ነው። በመሃል ደጋግሞ ተሸንፏል። ፖለቲካ ውስጥ የሚገባ ሰው ትዕግሥት ይዞ ይግባ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አባል የፈለገውን ይምረጥ፣ ይወዳደርም። ግን ስብከት ላይ «እገሌን ምረጡ» ከተባለ፣ ሌላውን የመረጠው ወንድም የት ይግባ?

ሮሜ 13ንና የሐዋርያት ሥራ 5፥29ን ጎን ለጎን አንብባችሁ ኑ። አንዱ ለባለሥልጣናት ተገዙ ይላል፤ ሌላው ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ታዘዙ ይላል። ውይይቱን ከዚያ እንጀምራለን።