ከድሬዳዋ፣ ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬና እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ እንዲህ ብዬ መጠየቄ ቅር እንደሚያሰኝሽ አውቃለሁ። እናቴ ያረፈች ሰሞን የላክሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ መልስ ልጽፍ ስቀመጥ ግን እጄ አልታዘዝ ይለኝ ነበር። እንዴት እንደተፈታልኝ ልንገርሽ፤ ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ነው።

እዚህ ድሬዳዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ማማከር ከጀመርኩ ወዲህ፣ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ «ጨንቆኛል» የሚል ልጅ እምብዛም አላጋጠመኝም። «ራሴን ያመኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል፤ ከዚያ ዝም። የቤተሰቡን ተስፋ ሁሉ ተሸክሞ ከሩቅ አገር መጥቶ በመጀመሪያው ፈተና የወደቀ ልጅ ከየት ጀምሮ ይናገር?

ስለዚህ ዓርብ ዓርብ፣ የድሬ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠግተን ምንጣፍ ላይ እንቀመጣለን። ወረቀት፣ የውሃ ቀለምና ጭቃ አለ፤ ማርክ የለም። «የሥነ ጥበብ ሕክምና» የሚለውን ስያሜ በ1942 እ.ኤ.አ. ያወጣው እንግሊዛዊው ሰዓሊ አድሪያን ሂል፣ ራሱ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ተኝቶ ሳለ በመሳል የተጽናና ሰው መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ ይላል።

አንዲት የሐረር ልጅ፣ ስሟን አልነግርሽም፣ ሦስት ሳምንት ቀለሙን ሳትነካ ተቀመጠች። በአራተኛው ከቤቷ አክርማ፣ አለላና ወስፌ ይዛ መጥታ ስፌት ጀመረች። ዓይኗ ከወስፌዋ ሳይነቀል፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ዓመቱን ሙሉ የታፈነ ነገሯን ተናገረች። ፊት ለፊት ተቀምጬ ባያት ኖሮ አንድም ቃል አትተነፍስም ነበር። በሐረር ቤቶች ግድግዳ ላይ ተደርድረው የምናያቸው ስፌቶች ሲሰፉ ስንት የሴቶች ጨዋታና እንባ ሰምተው ይሆን ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው።

አንቺ የሥዕል መምህርት ነሽና የሚቀጥለውን ትረጂልኛለሽ። መጀመሪያ ላይ ሥዕላቸውን እኔው ልፈታላቸው እሞክር ነበር። አንዱ ወረቀቱን ዳር እስከ ዳር ጥቁር ቀብቶ አየሁና «በጣም አዝነሃል» አልኩት። «አይደለም» አለኝ፤ «መብራት ሲጠፋ ነው። ያኔ ነው ዶርም ውስጥ ሁላችንም ስልካችንን ትተን የምንጫወተው።» ለእሱ የሳምንቱ ምርጥ ሰዓት ነበር። ከዚያ ወዲህ «እስቲ ስለዚህ ንገረኝ» እልና አፌን እዘጋለሁ።

ሥዕል ሁሉን ይፈውሳል ብዬ ግን አላምንም። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ልጅ ካለ ቀለሙን ትቼ በዚያው ቀን ይዤው ወደ ሐኪም እሄዳለሁ፤ በዚህ ድርድር የለኝም።

ባለፈው ወር ደግሞ ጽሑፍ ሞከርን። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር ከባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የኮሌጅ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ አድርጓል። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት ወዲያው ከፍቷቸው ነበር፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ክሊኒክ የተመላለሱት ከሌሎቹ ባነሰ ነው።

እኔም ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ቀን እንባዬ እየቀደመኝ ወጥቼ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር እስኪመሽ ብቻዬን ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን ወረቀቴን መልሼ ሳየው በአንቺ ስም ይጀምራል። የእናቴን የመጨረሻ ሌሊት ሳላውቀው ለአንቺ ስነግርሽ ነበር። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ፤ ብቻሽን ስትሆኚ ክፈቺው።

የሴሚስተሩ እረፍት ላይ ነይልኝ። ልጆቹም ያውቁሻል፤ ስላንቺ ነግሬአቸዋለሁ። የውሃ ቀለማችን እያለቀ ነውና ከቻልሽ ይዘሽ ነይ፤ በተለይ ጥቁሩን።

እህትሽ