የወባውን ቻርት ማን ያሳያቸው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሥራ ስላጡ የጤና ምሩቃን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ልጆቹ ያሉት እውነት ነው። አራት ዓመት ተምረው፣ የመውጫ ፈተናውን አልፈው፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም ተሻግረው፣ አሁን የሚያነቡት የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የምትል ቃል ፍለጋ። ጥር 2017 ላይ ደግሞ የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቆም፣ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። ሰልፉ ረዘመ።

ጽሑፋችሁ ግን አንድ ቤት ሳያንኳኳ አለፈ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትን። እኔ እዚያ ቤት 23 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በበሽታዎች ቅኝት ላይ፤ የትኛው በሽታ የት እንደጨመረ በመከታተል። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለዚህ የምናገረው ሹመት ፈልጌ አይደለም።

መጀመሪያ ይህ ቤት ምን እንደሚሠራ ልናገር፤ የከተማ ሰው ብዙ ጊዜ አያውቀውም። እኛ አናክምም። የሚያክመው ጤና ጣቢያው ነው። ቤት ለቤት የምትሄደው ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። እኛ ከኋላ ነን። ክትባቱ ሳይሞቅ ቀበሌ መድረሱን፣ አጎበሩ በጊዜ መታደሉን እንከታተላለን። አንድ መንደር ውስጥ ሦስት ሰው ባንድ ቀን ተቅማጥ ሲይዘው ውኃው ከየት እንደተቀዳ እንጠይቃለን። ሥራው ሲሳካ ምንም አይታይም። ምንም ስለማይታይም ለስብሰባ ሰው ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠራው ከእኛ ቤት ነው።

እንግዲህ እዚህ ቤት አዲስ ምሩቅ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ላጫውታችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ ተመደበችልን። ጎበዝ ናት። የመጀመሪያ ቀን ጠረጴዛዋን አሳየናት፣ ቁልፍ ሰጠናት፣ «ቅዳሜ ዘመቻ አለ» አልናት። በቃ፣ ሥልጠናው ያ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የወባ ቻርት ትኩር ብላ ስታይ አገኘኋት።

«ጋሼ፣ ይቺ የላይኛዋ መስመር ምንድን ናት?»

«ሰርድ ኳርታይል አልተማርሽም?»

«ተምሬያለሁ። ፈተና ላይም መጥቶልኛል።» ሳቀች። «እዚህ ግን ምን ትሠራለች?»

ደህና ጥያቄ ነው። መዝገቦቹን አወጣንና ቁጭ አልን። የአምስት ዓመት መዝገብ። ከየዓመቱ የዚያኑ ሳምንት የወባ ሕሙማን ቁጥር ታወጪያለሽ አልኳት። 18፣ 25፣ 31፣ 44፣ 90 መጣ እንበል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ትደረድሪያለሽ። 90ውን ትተይዋለሽ፤ ያ ዓመት ራሱ ወረርሽኝ የነበረበት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ትልቅ ቁጥር፣ 44ን፣ ትይዣለሽ። መስመሯ እሷ ናት፤ ሰርድ ኳርታይል የምንላትም እሷኑ ነው። ዘንድሮ በዚያው ሳምንት 45 ሰው ከተገኘ ስልክ ታነሺያለሽ። የአምስት ዓመት መዝገብ የሌለው ጤና ጣቢያ ከሆነ የአምናውን ቁጥር በሁለት ታባዢያለሽ።

የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ከባዱ መዝገቡ ላይ ያለውን ቁጥር ማመን አለማመን ነው። አንድ ዓመት ላይ፣ ወባ በሚበዛበት ሳምንት፣ ዜሮ ተጽፏል። ወባው ጠፍቶ ነው? ወይስ መመርመሪያው አልቆ? ይኼን ዩኒቨርሲቲ አያስተምርም፤ ሊያስተምርም አይችልም። የሚያውቀው የጤና ጣቢያው የላብራቶሪ ልጅ ነው። እሱ ጋ ሄዶ፣ ሻይ እየጠጡ፣ ሳያስቀይሙት መጠየቅ ነው።

ቻርቱን ማንበብ ደግሞ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የወረዳ አስተዳዳሪውን ማሳመን ነው። ሞተር ሳይክሉ ነዳጅ የለውም። አስተዳዳሪው ማዳበሪያ ሊያስራጭ እየተጣደፈ ነው። «ሰርድ ኳርታይሉ ታልፏል» ብትሉት ሰላምታ ሰጥቶ ይሄዳል። «እዚህ ቀበሌ ያሉ ገበሬዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ መዝራት አይችሉም» ስትሉት ይቆማል። ልጅቷ ይህን ያወቀችው አንድ ቀን አብራኝ ገብታ ነው፤ አንድም ሞጁል ላይ አላገኘችውም።

ስለ ወባ ይህን ያህል የማወራው ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የአገራችን የወባ ሕሙማን አንድ ሚሊዮን አይሞሉም ነበር። በ2024 እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆኑ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ጦርነቱ አለበት፣ የአየሩ ጠባይ አለበት፣ ከተማ የለመደው አዲሱ ትንኝ አለበት። አንድ ምሩቅ ቻርት ቢያነብ ይቀር ነበር አልልም። ግን ጭማሪው የሚጀምረው ባንድ ቀበሌ፣ ባንድ ሳምንት፣ ባንዲት ነጥብ ነው። ያቺን ነጥብ የሚያያት ሰው ይፈልጋል።

የቀን አቆጣጠሩ ጉድ ደግሞ አለ። የጤና ጣቢያው መዝገብ የሚጻፈው በእኛ ቀን ነው። የቅኝቱ ሳምንት በፈረንጅ ነው፤ ከሰኞ እስከ እሑድ። ወርኃዊው ሪፖርት ከ21 እስከ 20 ይዘጋል። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። አዲስ ሰው ለብቻው ይህን እስኪለምድ ሦስት ወር ይፈጅበታል። የሚያሳየው ካለ ሦስት ቀን ይበቃዋል።

አንዴ ደግሞ የአንድ ቀበሌ የክትባት ሽፋን 117 በመቶ ሆኖ ወደ ዞን ተላከ። ላኪው ምሩቅ ደስ ብሎታል። ዞን ሳቁበት። ልጁ አልዋሸም። ያገራችን የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. የተደረገው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሕፃናቱ ቁጥር የሚሰላው በግምት ነው። እዚያ ቀበሌ ደግሞ የቀን ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ፈልሶ ገብቷል። ግምቱ አያውቃቸውም። ልጆቻቸው ግን ተከተቡ። ቁጥሩ ከተላከ በኋላ ከመሣቅ ይልቅ ሳይላክ በፊት «ይኼ እንዴት ሆነ?» የሚለው አንድ ሰው አጠገቡ ቢኖር ኖሮ፣ ዜናው መቶኛው ሳይሆን የአዲሶቹ ሠፋሪዎች መምጣት ይሆን ነበር።

የማያስቀውን ልናገር።

ሌላ ምሩቅ ነው፤ ሁለት ወሩ። ከአንድ ጤና ኬላ ተደወለለት። ሦስት ሕፃናት ትኩሳትና ሽፍታ አለባቸው። የደወለችው 12 ዓመት የሠራች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። «ዶክተር፣ ኩፍኝ ይመስለኛል» አለችው። ገጠር ውስጥ ጋውን የለበሰም ያልለበሰም ዶክተር ነው። ልጁ ማስታወሻው ላይ ጻፈውና የሳምንቱን ሪፖርት ጠበቀ። ለኩፍኝ የሳምንት ሪፖርት አይጠበቅም። አንድ ተጠርጣሪ ሲገኝ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለበላይ አካል ይነገራል። በአንድ ወር ውስጥ አምስት ተጠርጣሪ ከአንድ ቦታ ከመጣ እንደ ወረርሽኝ ተጠርጥሮ ቡድን ይወጣል። እኛ ስንደርስ የታመሙት 14 ነበሩ። አንዷ አልተረፈችም።

ልጁን የወቀሰው ብዙ ነው። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። የትኛው በሽታ ወዲያው፣ የትኛው በሳምንት እንደሚነገር የሚያሳየው ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ይደርሳል ብዬ አላሳየሁትም። ያቺ ሴትዮም ታውቅ ነበር። እሱ ደግሞ እሷን ማመን እንዳለበት የነገረው አልነበረም፤ ዲግሪው የእሱ ነዋ።

የሚገርመው ይህን ነገር ድሮ እናውቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ጎንደር አጠገብ ባለችው ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። በማግስቱ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) እዚያ ተማሩ፤ ሲወጡም በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ተላኩ። ጤና መኮንኑ ከሦስት ዓመት ትምህርት በኋላ አንድ ዓመት በተግባር ይቆይ ነበር። ደምቢያ ያለው የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ መማሪያቸው ነበር። በሽታው ሰው የጨረሰበት ቦታ ሄደው ተማሩ ማለት ነው። እኔ ሥራ ስጀምር ከእነዚያ ሰዎች ባንዱ እጅ ወድቄያለሁ። ሽንት ቤት ሲቆፈር ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ የሚለካ ሰው ነበር።

የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም ማኅበረሰቡ ውስጥ ነን ብሎ ተነሣ። የቡድን ሥልጠናው ዛሬም አለ፤ አልክድም። ተማሪዎች በአውቶብስ ይመጣሉ፣ ጥቂት ሳምንት ይቆያሉ፣ መጠይቅ ይሞላሉ፣ ፓወር ፖይንት ያቀርባሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል፣ ይሄዳሉ። የሚያርፉት ጤና ጣቢያ ነው። እኛ ቤት የሚመጡት ማኅተም ለማስመታት ነው።

ለወረዳ የቅኝት ባለሙያዎች የሚሰጥ የሦስት ወር የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠናም አለ። ይኼ እጅግ ጥሩ ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በራስ ወረዳ፣ በራስ መዝገብ ላይ ነውና። ያለፉበትን አይቻለሁ፤ ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ነው። ግን የሚገባበት ሥራ ያለው ሰው ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ለቆመው ምሩቅ አይደርስም።

ስለዚህ የምለው ይኼ ነው። ሥራ ካጡት የኅብረተሰብ ጤና ምሩቃን መካከል ፈቃደኞቹን ለአንድ ዓመት ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች እናስገባ። ደመወዝ ይከፈላቸው፤ የኪስ ገንዘብ አላልኩም። ለእያንዳንዱ ኃላፊነቱን የሚወስድ፣ ስሙ በደብዳቤ የተጻፈ አንድ ነባር ባለሙያ ይመደብ። ለዚያ ነባር ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ ይቀነስለት። ካልተቀነሰለት ነገሩ የእኔ መሳቢያ ውስጥ እንደቀረው ወረቀት ይሆናል።

የመጀመሪያውን ወር ጤና ኬላ ይቀመጡ። የቤተሰብ ማኅደር ይግለጡ፣ ከኤክስቴንሽኗ ጋር ቤት ለቤት ይሂዱ፣ እሷ ታስተምራቸው። አንድ ዓመት ያልኩት ለወጉ አይደለም። የወባው ወቅት ከመስከረም ጀምሮ ነው፣ ማጅራት ገትር በበጋ ይመጣል፣ ዕቅድና በጀት ግንቦትና ሰኔ ላይ ይወጥራል። በስድስት ወር የሄደ ሰው ግማሹን ሳያይ ሄደ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚል የሆቴል አዳራሾችን ይይ። ለአንድ ሳምንት ሥልጠና አዳራሽ፣ አበል፣ የታሸገ ውኃና ቦርሳ ይወጣል። እኔ በአንድ ርዕስ ሦስት ጊዜ ሠልጥኛለሁ። ሦስቱም ቦርሳ ቤቴ አለ። አንዱን ልጄ ትምህርት ቤት ይዞት ሄደ።

አንድ የማልደብቀው ነገር አለ። ምሩቃኑ የእኛን ቤት አይወዱትም፤ ሞኝነት ደግሞ አይደለም። ጤና ጣቢያ የገባ ሰው ዲዩቲ፣ የማታ ተረኝነት፣ አለው። ደመወዙ ወሩን ባያደርሰው የማታው ገንዘብ ያደርሰዋል። ጽሕፈት ቤት ዲዩቲ የሚባል ነገር የለም። ወረርሽኙ ግን እሑድ ሌሊትም ይደውላል። ስልኩን ለሚያነሣው ሰው የተጠባባቂ ክፍያ ካልተቆረጠለት፣ አንድ ዓመት ያሠለጠንነውን ልጅ ለሌላ ቤት አሠልጥነን መስጠታችን ነው። ያቺ የቻርቷ ልጅ በዓመት ከመንፈቅ ተዛወረች። የመሸኛ ደብዳቤዋን ያረቀቅሁላት እኔ ነኝ። ምን ብዬ ላስቀራት? እናቷን የምትጦረው እሷ ናት። የሄደች ሰሞን ቻርቱ ላይ ለሰባት ሳምንት አንድም ነጥብ አልተቀመጠም።

አንድ ወረዳ ይህን ልሞክር ቢል እኔ ሳይከፈለኝ እመጣለሁ። መሳፈሪያዬን ራሴ እችላለሁ። ቻርቱን ለማሳየት ግማሽ ቀን ይበቃኛል። ለመዝገቡ ግን አንድ ወር ስጡኝ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣ የወረዳ ጤና ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር