ቴሌቪዥናቸውን ሳትጠይቁ ቪዲዮ አታስረክቡ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ደሴ ውስጥ ቪዲዮ በማቀናበር የምተዳደር ሰው ነኝ። የጥር ሠርግ ካለፈ በኋላ፣ ሌላ ቦታ የተሠራ ቪዲዮ በፍላሽ ይዘው «አልከፈት አለን» የሚሉ ወላጆች ከሐይቅም ከኩታበርም ይመጡብኛል። ፍላሹ ጤነኛ ነው። ፋይሉ ኤች 265 በሚባለው አዲስ የቪዲዮ ማመቂያ ስልት ስለታመቀ የቆየው ቴሌቪዥናቸው ሥዕሉን አያነበውም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል።

ኤች 265 ለተመሳሳይ ጥራት ከእሱ በፊት የነበረው ስልት ኤች 264 የሚወስደውን ግማሽ ያህል ቦታ ስለሚወስድ ባለሙያው ይወደዋል። እናት ግን የፈለጉት ልጃቸውን ማየት ነው እንጂ ቦታ መቆጠብ አይደለም! ለእሳቸው በኤች 264 የተሠራ ኤምፒ4፣ በ1080 ጥራት፣ ከበቂ በላይ ነው። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው የቆየ የፋይል አደረጃጀት ከተሰናዳ (ፎርማት ከተደረገ) ደግሞ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም፤ ስለዚህ ኒካሑም ሆነ ቅልቅሉ ለየብቻ ይቆረጥ። ጅዳ ላለችው እህት በቴሌግራም የሚላከው 720 ቢሆን ምን ይጎድልባታል?

ዋናው ቅጂ ግን በከፍተኛ ጥራት ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። የታመቀን ፋይል እንደገና ማመቅ ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ የጠፋው ዝርዝርም አይመለስም።

የሙያ ባልደረቦቼ ቀብድ ከመቀበላቸው በፊት «በምን ላይ ነው የምታዩት?» ብለው ቢጠይቁ ምን አለበት?

የቪዲዮ አቀናባሪው፣ ከደሴ