የጤና ክበብ፦ ስለ «ማርያም የሳመችው» የተከራከርንበት ዓመት

መስከረም ላይ 34 ልጆች ተመዘገቡ። ጥቅምት ላይ 19 ቀሩ። የየዓመቱ ነገር ስለሆነ አልደነገጥኩም። ከእግር ኳስ ጋር ማን ይፎካከራል?

በዕቅዳችን ልንማር ያሰብነው ስለ ደም ግፊት ነበር። ርዕሱን ያስቀየረችን ከአዘዞ የምትመላለስ የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። ታናሽ እህቷ ስትወለድ ምንም አልነበረባትም። በሦስተኛው ሳምንት ዓይኗ አጠገብ ቀይ ነጥብ ወጣ። በሦስት ወሯ እንጆሪ አከለ። ጎረቤቱ ሁሉ «ማርያም ስማት ነው» ይላል፤ እናትየዋ ግን እንቅልፍ አጥታለች። «ቲቸር፣ ዕጢ ነው ወይስ ምልክት?» አለችኝ።

ሳላመነታ መለስኩ። «ዕጢ ነው፤ ካንሰር ግን አይደለም። እንዲህ ያለ ቀይ ምልክት ሁሉ ልጅ ሲያድግ ይጠፋል» አልኩ። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ከግራ ጉንጩ እስከ አንገቱ ወይን ጠጅ የፈሰሰበት የሚመስል ምልክት አለው። «የኔ 16 ዓመቱ ነው፤ አልጠፋም» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም።

ከዚያ በኋላ ሥራችን የኔን ስህተት ማረም ሆነ። ለካ ሐኪሞችም ሁለቱን፣ የሕፃኗንና የልጁን ዓይነት ምልክት፣ ሲቀላቅሉ ኖረዋል። በግልጽ የለዩአቸው ሙሊከንና ግሎዋኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1982። አንደኛው እውነተኛ ዕጢ ነው። የደም ሥሩን ውስጠኛ ግድግዳ የሚሸፍኑት ሴሎች ይባዛሉ። የሕፃናት ሄማንጂዮማ ይባላል። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ባሉት ሳምንታት ብቅ ይላል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል፣ ከዚያ ለዓመታት ቀስ እያለ ይከስማል። ሴቶች ላይና ያለጊዜያቸው በተወለዱት ላይ ይበዛል። ሁለተኛው ዕጢ አይደለም፤ የአፈጣጠር ጉድለት ነው። ሴሎቹ አይባዙም፤ ቱቦዎቹ ናቸው ሲሠሩ የሰፉት። አብሮ ይወለዳል፣ አብሮ ያድጋል፣ በራሱ አይጠፋም።

ስለዚህ ከመልኩ ይልቅ «በተወለደ ዕለት ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ይናገራል። ልጁ እናቱን ጠይቆ መጣ። «ይዘኸው ነው የወጣኸው» ብላዋለች።

አንድ ቀን ራሱ ፈቅዶ ንጹሕ ብርጭቆ ጉንጩ ላይ ጫን አደረግን። ከብርጭቆው ሥር ቀለሙ ፈዘዘ። ስናነሳው እንደገና ሞላ። ደሙ ቱቦው ውስጥ ስለሆነ ሲጫኑት ይሸሻል፤ ከቱቦው ወጥቶ ቆዳ ውስጥ ፈስሶ ቢሆን ኖሮ ንቅንቅ አይልም ነበር። ልጆቹ ተራ ይዘው አዩ። ይህንኑ በግሉኮስ ቱቦና በቀይ ሥር ውኃ ልናሳይ ሞክረን ቱቦው አፈትልኮ ስም መጥሪያዬን አቀላው። እስከ ዛሬ ሮዝ ነው።

ሕፃኗን ሐኪም አየና ፕሮፕራኖሎል አዘዘላት፤ ዕጢው ዓይኗን ሊከልል ስለተቃረበ ነው። መድኃኒቱ የልብና የደም ግፊት ነው። ለዚህ እንደሚሆን የታወቀው በአጋጣሚ ነው። በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ ሐኪሞች ለልብ ሕመም የሰጡት ሕፃን ዕጢው ሲሟሽሽ አዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አሳተሙት። የተውነው ደም ግፊት በጓሮ በር ገባ ማለት ነው።

ኅዳር 22 ከፀረ ኤድስ ክበብ ጋር ስለ ካፖሲ ሳርኮማ ተወያየን። ይሄኛው ቀልድ የለውም፤ ቆዳ ላይ የሚወጣ የደም ሥር ካንሰር ነው። ሐኪሙ ካፖሲ ቪየና ላይ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1872 ሲሆን አምጪው ቫይረስ የተገኘው ግን በ1994 ነው። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይነሳል። የኤችአይቪ መድኃኒት በጊዜ ሲጀመር ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። መጽሐፉ ላይ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። አንዷ ልጅ «ይሄ የኛ ቆዳ አይደለም» አለች። እውነቷን ነው፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ በምታሠለጥን ከተማ፣ ጎንደር፣ ተቀምጠን የራሳችንን ቆዳ የሚያሳይ ሥዕል መቸገራችን ከንክኖኛል።

ሰኔ ላይ፣ በወላጆች ቀን፣ ብርጭቆውን ይዞ ጠረጴዛው ጋ የቆመው ያው ልጅ ነበር። አንዲት እናት ጉንጩን ዳሰስ አድርገው «ማርያም ናት የሳመችህ» አሉት።

«አዎ እማማ» አላቸው፤ «ግን ገና ሆድ ውስጥ እያለሁ ነው።»

የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ መስከረም ላይ ባዮሎጂ ክፍል ነው። የግሉኮስ ቱቦ ያለው ይዞ ይምጣ።