«በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብቻውን ቃለ ጉባኤ አይሆንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በወሎ ወረዳዎች የምክር ቤት ጉባኤ ሲካሄድ የምንሰማው ዜና በጀቱ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚል ነው። ዜና ቢያጥር ግድ የለም። ቃለ ጉባኤው ራሱ እዚያው ላይ ሲያበቃ ግን ለቀበሌው መንገድ የተያዘው ገንዘብ ለምን ወደ ሌላ እንደ ዞረ ከዓመት በኋላ የሚጠይቅ ነዋሪ መልስ አያገኝም።

በጣም የሚያሳስበን የምልዓተ ጉባኤ ቆጠራ ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከግማሽ በላይ አባላት እንዲገኙ ያዛል። በዚሁ መለኪያ 60 አባላት ላሉት ምክር ቤት 31 ሰው ያስፈልጋል። ጠዋት 40 ሰው ፈርሞ ከምሳ በኋላ 28 ቢቀር፣ የጠዋቱ ፊርማ የከሰዓቱን ውሳኔ አያድነውም። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ተመራጭ መኪና እንዳያመልጠው ቀድሞ ይወጣል፤ ከባዱ አጀንዳ ወደ ማምሻው ከተገፋ አዳራሹ የሚሳሳው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ድምፅ አሰጣጥ በፊት ተቆጥሮ ቁጥሩ ከነሰዓቱ ይመዝገብ። ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተዓቅቦ ተደምረው ከዚያ ቁጥር ካልገጠሙ፣ አፈ ጉባኤው ውጤቱን ሳይገልጹ እንደገና ያስቆጥሩ። የውሳኔ ሐሳቡም እጅ ከመውጣቱ በፊት ከነማሻሻያው ቃል በቃል ይነበብ፤ በኋላ ወደ ቃለ ጉባኤው ሲጻፍ «የተስተካከለ» ቃል ውሳኔውን ሊለውጠው ይችላል።

ክርክሩን እንዴት መያዝ እንደሚገባ ሃንሳርድ የሚባለው የእንግሊዝ ፓርላማ መዝገብ ጥሩ አርአያ ነው። ፓርላማው እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ በራሱ ዘጋቢዎች ያስይዘዋል። ድግግሞሽ ይወጣል፣ ግልጽ ስህተት ይታረማል፤ ለንግግሩ ትርጉም የሚሰጥ ነገር ግን አይቀነስም፣ ተናጋሪውም በስሙ ይጻፋል። ለወረዳ ይህ ሁሉ ቢከብድ እንኳ የእያንዳንዱ ተናጋሪ ስም፣ አቋምና ዋና ምክንያት በሁለት ሦስት መስመር መያዝ ይቻላል።

ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ የመጀመሪያ አጀንዳ ቢሆንም ቀጣዩ ጉባኤ ከወራት በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ ረቂቁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለአባላት ይድረስ፤ የድምፅ ቅጂውም ቢያንስ እስኪጸድቅ ድረስ አይጥፋ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ቢሮዎች ተዘርፈዋል። ከዚያ ወዲያ የአንድ ምክር ቤት መዝገብ በአንድ ቁም ሳጥን ብቻ መቆለፉ ተገቢ አይደለም። አንድ ቅጂ በወረዳው፣ ሌላው በሌላ ከተማ በዞኑ ምክር ቤት ይቀመጥ፤ ሦስተኛው ነዋሪው ገብቶ በሚያነብበት ቤተ መጻሕፍት ይገኝ።

ከደሴ